«ዋጋ በውስጥ መስመር»፦ በማኅበራዊ ሚዲያ ገበያ ቋንቋችን እንዴት ይለዋወጣል?

በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ማር የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ብዙ ነገር ያውቃል። ማሩን በዓይኑ ያያል፣ በጣቱ ጫፍ ይቀምሳል፣ ሻጩ ከየት ቀበሌ እንደመጣ ይጠይቃል፣ አጠገቡ የቆመው ሌላ ገዢ ስንት እንደከፈለ ይሰማል። የሻጩ ንግግር የሚመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ተጨምሮ ነው። ያው ማር «ንጹሕ የላስታ ነጭ ማር» ተብሎ በቴሌግራም ሲለጠፍ ግን ገዢው የሚያገኘው አንድ ፎቶግራፍና ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ዓይን፣ ምላስና ጆሮ ተካፍለው ይሠሩት የነበረውን ሥራ አሁን ቃል ብቻውን ተሸክሞታል።

የተወደዳችሁ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ቃል ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ በሚካሄደው ግብይት ሻጭና ገዢ የሚነጋገሩበት አማርኛ እንደ ሰሚው፣ እንደ መድረኩና እንደ ፊደሉ ይለዋወጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊትና ከተከፈለ በኋላ ይለዋወጣል። ይህን ማስተዋል የሰዋስው ጨዋታ አይደለም። ከላሊበላ አዲስ አበባ በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ የላስታ ወጣት የብዙ ወራት ቁጠባውን አስቀድሞ ልኮ ስልክ ቢያዝና የመጣለት ሌላ ዕቃ ቢሆን፣ ሄዶ ለማስመለስ የሚያወጣው ወጪና ድካም «ይቅርብኝ» ያሰኘዋል። ስለዚህ ከመክፈሉ በፊት ያለው ዋነኛ መከላከያ የተጻፈለትን ቃል በትክክል ማንበብ ነው።

ገበያው እንዴት ወደ ስልክ ገባ?

ላሊበላ ለብዙ ዘመን በእንግዳ የምትኖር ከተማ ናት። ከዓለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ ሸማኔውና የዕደ ጥበብ ሻጩ ኑሯቸውን ከጎብኚ ጋር አያያዙ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ ዘለቀ። ጎብኚው ሲቀር ዕቃውን ወደ ገዢው መላክ እንጂ ገዢውን መጠበቅ ብቻውን እንደማያዋጣ ብዙዎች ተረዱ።

በዚሁ ጊዜ ገንዘብ መላክም ቀለለ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሥራ ላይ ያዋለው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ባንክ ቤት ሳይሰለፉ ከስልክ ወደ ስልክ መክፈል ሲቻል፣ በቴሌግራም ቻናል የተለጠፈ ዕቃ አይቶ በዚያው ቅጽበት ማዘዝ የተለመደ ሆነ።

ይሁንና መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገድበው ለወራት ቆይተዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆየ። በዚያ ጊዜ ሰው ወደ ስልክ ጥሪና ወደ ቅዳሜ ገበያው ተመለሰ። ግንኙነቱ ሲቀጥል ግን የስልኩ ገበያ የራሱን ቃላት አበጅቶ ጠበቀን። እነዚህን ቃላት ከዚህ በታች አንድ በአንድ እናያለን።

1. «አንቱ»፣ «እርስዎ»፣ «ውዴ»

አማርኛ ሰሚውን ሳይለዩ ለመናገር የሚያስቸግር ቋንቋ ነው። «ግዛ» ወይም «ግዢ» ስንል የሰሚውን ጾታ፣ «ይግዙ» ስንል አክብሮታችንን አብረን እንናገራለን። በገበያ ሰሚው ፊት ለፊት ስለቆመ ምንም ችግር የለም። በእኛ አካባቢ ለሽማግሌው «አንቱ» ይባላል፤ እኩያን «ወንድም ዓለም»፣ «እታለም» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። በስልክ ግን ሻጩ የለጠፈውን ማን እንደሚያነበው አያውቅም። ስለዚህ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይመርጣል።

የመጀመሪያው የአክብሮት መንገድ ነው፦ «ይደውሉልን»፣ «ይዘዙን»፣ «ያሉበት እናደርሳለን»። ይህ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ የተወረሰ አነጋገር ሲሆን ቤት፣ መኪናና የቤት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ይወዱታል። ሁለተኛው የብዙ ቁጥር መንገድ ነው፦ «ቤተሰብ»፣ «ወገን»፣ «ውዶች፣ አዲስ ዕቃ ገብቷል»። የቴሌግራም ቻናሎች በብዛት የሚናገሩት በዚህ ነው፤ ተከታዩን እንደ አንድ ቤት ልጆች ይሰበስበዋል። ሦስተኛው የፍቅር መንገድ ነው፦ «ውዴ»፣ «ማሬ»፣ «የኔ ቆንጆ፣ ጻፊልኝ»። ይህኛው በተለይ በቲክቶክ የቀጥታ ስርጭት የሚሰማ ነው፤ ልብስና መዋቢያ የሚሸጥበት ስለሆነም ብዙ ጊዜ በሴት አንቀጽ ይነገራል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በቻይና በ2003 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው ታኦባኦ በተባለው የመገበያያ ድረ ገጽ ሻጮች የማያውቁትን ገዢ «ቺን» ብለው መጥራት ለመዱ። ቃሉ «ውድ»፣ «የቅርብ ሰው» እንደማለት ነው። አነጋገሩ ከመስፋፋቱ የተነሣ ቻይናውያን በድረ ገጹ ስም «የታኦባኦ አነጋገር» እስከማለት ደርሰዋል። ፊት ለፊት የማይተያዩ ሰዎች ሲገበያዩ የጠፋውን ቅርበት በቃል ለመተካት መሞከራቸው በየትም አገር ያለ ነገር ነው።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። በላስታ ገበያ «እታለም» ያለሽ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜም እዚያው ቦታ ይገኛል፤ ቃሉ አገሩንና ዘመዱን ዋስ አድርጎ የተናገረው ነው። በስልክ «ውዴ» ያለሽ ሰው ግን ነገ ቁጥርሽን ሊዘጋው ይችላል። የፍቅር አጠራር በራሱ ክፉ አይደለም፤ ዋስትና ግን አይደለም። በተለይ በአደባባይ «እርስዎ» ይል የነበረ ሻጭ በውስጥ መስመር በድንገት «ውዴ፣ ቶሎ ላኪልኝ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ሲል አጠራሩ ለምን እንደተለወጠ መጠየቅ ተገቢ ነው።

2. «ዋጋ በውስጥ መስመር»

በፌስቡክ አንድ ጫማ ተለጥፎ ከሥሩ ሰዎች ተራ በተራ «ዋጋ?»፣ «ስንት ነው?»፣ «ሃው ማች?» ብለው ይጽፋሉ። ለሁሉም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ኢንቦክስ ይመልከቱ»፣ «በውስጥ መስመር ያናግሩን»። በገበያ ጮክ ተብሎ የሚነገረው ዋጋ እዚህ ወደ ጆሮ ሹክሹክታ ተለውጧል። ለምን?

ሻጮች የሚሰጡት ምክንያት ከፊሉ እውነት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በእጅጉ ወረደ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋም ተለዋወጠ። ትናንት የለጠፉት ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ተፎካካሪ ዋጋቸውን አይቶ እንዳይቀንስባቸው የሚፈሩም አሉ። በተጨማሪም ከሥሩ ብዙ አስተያየት የተጻፈበት ልጥፍ ለብዙ ሰው የመታየት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ «ዋጋ?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ ሳያውቀው ማስታወቂያውን አሰራጭቷል።

ሌላው ምክንያት ግን ብዙም አይነገርም። ዋጋው ካልተጻፈ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ዋጋ መናገር ይቻላል። ሻጩ የጠያቂውን ፎቶግራፍ፣ የሚኖርበትን አገር፣ አጻጻፉን ይመለከታል። በእንግሊዝኛ የጻፈውን ሀብታም ነው ብሎ ይገምታል፤ ከዋሽንግተን ለእናቷ የምታዝዘውን ልጅ በዶላር ያስባታል፤ በድምፅ መልእክት የገጠር አነጋገር የሰማበትን ደግሞ «ይህ ዋጋ አያውቅም» ሊለው ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ ለሸማቹ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። የተለጠፈ ዋጋ ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል ይናገራል፤ ያልተለጠፈ ዋጋ ግን ፊት አይቶ ሊያዳላ ይችላል።

ዋጋው ከታወቀ በኋላ ያሉትም ቃላት ትርጉማቸው የተለያየ ነው። «ቁርጥ ዋጋ» ወይም «ፊክስድ» ማለት አትከራከሩኝ ማለት ነው። «ድርድር አለው» ሲል ደግሞ የተጻፈው ዋጋ ሆን ተብሎ ከፍ እንዳለ እየነገረን ነው። «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው የገዢ ጥያቄ በገበያ ክርክር ከቆየ በኋላ የሚመጣ ሲሆን በስልክ ግን የመጀመሪያው መልእክት ሆኗል።

ገዢም ከጥያቄ ነፃ አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ (20፡14) ዕቃውን እያጣጣለ ገዝቶ ሲመለስ ግን በግዢው ስለሚኮራ ሰው ይናገራል። በገበያ ይህ ማጣጣል ሁለቱም የሚያውቁት ወግ ነው፤ ገዢው ሄዶ ይመለሳል፣ ሻጩ ይስቃል፣ በመጨረሻም ተመራርቀው ይለያያሉ። በጽሑፍ ሲሆን ግን ሳቁም ፊቱም የለም። «ኧረ ይሄማ አይረባም» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይነበባል። በስልኩ ማዶ ያለችው ሻጭ ልጆቿን በዚህ ሥራ የምታሳድግ እናት ልትሆን እንደምትችል ማሰብ ይገባል።

3. አንድ ዕቃ፣ ሦስት ስም

ያገለገለ ልብስ በገበያ «ሰልባጅ» ይባላል፤ ቦንዳው ሲፈታ ሁሉም ተሻምቶ ይመርጣል። ያው ልብስ ታጥቦና ተተኩሶ ቴሌግራም ላይ ሲወጣ «ስላይትሊ ዩዝድ» ይሆናል። በኢንስታግራም ለወጣቶች ሲቀርብ ደግሞ «ቪንቴጅ» ወይም «ትሪፍት» ይባላል። ጨርቁ አንድ ነው፤ ስሙ በተለወጠ ቁጥር ግን ዋጋውም አብሮት ይወጣል።

በዚህ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ሁሉ አታላዮች ናቸው ማለት አይደለም። መርጦ፣ አጥቦና አስተካክሎ ማቅረብ ድካም ስላለው ዋጋ ይገባዋል። ነገር ግን ገዢው ቃሉን ወደሚያውቀው አማርኛ መልሶ መጠየቅ አለበት። «ብራንድ ኒው» አዲስ ማለት ነው። «ስላይትሊ ዩዝድ» ያገለገለ ነው። «ሪፈርቢሽድ» ተበላሽቶ ወይም አገልግሎ የታደሰ ነው። «ማስተር ኮፒ» አስመስሎ የተሠራ ነው፤ «ማስተር» የሚለው ቃል ግርማው ከፍ ስላለ «ኮፒ» የሚለውን ይሸፍነዋል። «ኦሪጅናል» የሚለው ደግሞ ከብዙ አጠቃቀም የተነሣ ደክሟል፤ አንዳንዱ ሻጭ «ጥሩ» ለማለት ብቻ ይጠቀምበታል። «ይህ ስልክ አዲስ ነው ወይስ የታደሰ?» ተብሎ በጥሬ አማርኛ የተጠየቀ ሻጭ የሚሸሸግበት ቃል አያገኝም።

ወደ ማራችን እንመለስ። ላስታ በነጭ ማሩ የታወቀ ነው፤ የንጉሥ ላሊበላ ስም ራሱ በትውፊት ከንብ ጋር ተያይዞ ይተረካል፤ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት ይባላል። ይህ ዝና ገበያ ስላለው ከሌላ ቦታ የመጣ ማርም «የላሊበላ» ሊባል ይችላል። በተጨማሪም «ኦርጋኒክ» የሚል ቃል ይቀጠልበታል። በዓለም ገበያ «ኦርጋኒክ» ማለት በመርማሪ ተቋም ታይቶ የምስክር ወረቀት የተሰጠው ምርት ማለት ነው። በቴሌግራም ግን ብዙ ጊዜ «ከገጠር የመጣ» ከማለት አያልፍም። ስለዚህ «የየትኛው ወረዳ ማር ነው? መቼ ተቆረጠ? ማን ሰበሰበው?» ብሎ መጠየቅ «ንጹሕ ነው?» ከማለት ይሻላል። «ንጹሕ ነው?» ተብሎ «አይደለም» የሚል ሻጭ የለምና።

4. ከመሐላ ወደ «100 ፐርሰንት»

በወሎ ገበያ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረው ይነግዳሉ። አንዱ «ማርያምን» ይላል፣ ሌላው «ወላሂ» ይላል፣ ሦስተኛው «እግዚአብሔር ያውቃል» ይላል። መሐላው ከሚፈራው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቀላል አልነበረም፤ በሐሰት የማለ ሰው በጎረቤቱ ዓይን ይወድቅ ነበር። በማኅበራዊ ሚዲያ የመሐላው ቦታ በቁጥር እየተተካ ነው፦ «100 ፐርሰንት ኦሪጅናል»፣ «100 ፐርሰንት ታማኝ»። ቁጥሩ የተለካ ነገር ያስመስለዋል፤ ነገር ግን የለካው ማንም የለም።

ከዚህ ጋር የሚሄዱት «ጋራንቲ አለው» እና «ዛሬ ብቻ» የሚሉት ቃላት ናቸው። ጋራንቲ ማለት ጊዜውና ሁኔታው የተወሰነ ግዴታ ነው። ለስንት ወር? ምን ቢበላሽ? ማን ይጠግናል? እነዚህ ካልተመለሱ ቃሉ ባዶ ነው። «ዛሬ ብቻ» ደግሞ ለሳምንታት በየቀኑ ሲለጠፍ የምናየው ነው። ጌታ በተራራው ስብከት (ማቴ. 5፡33-37) መሐላን ከልክሎ ንግግራችን አዎን ወይም አይደለም እንዲሆን ያስተማረው ለዚህ ዓይነቱ ገበያም ይሠራል። በመሐላ ወይም በመቶኛ መደገፍ ያስፈለገው ቃል ለብቻው መቆም ያቃተው ቃል ነው።

5. ፊደሉ ሲለወጥ

ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወደ እጅ ስልኮች የደረሰው ግን ቀስ በቀስ ስለነበረ ልማዱ ሥር ሰደደ። በላቲን ሲጻፍ ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ በአብዛኛው አይለዩም። «ቆዳ» እና «ኮዳ» አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ «ትሪ» ያዘዘና «ጥሪ» የጠበቀም እንዲሁ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሆነ ይገባል፤ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፎ ዕቃ ሲታዘዝ ግን ስህተት ይፈጠራል።

በራሳችን ፊደል ስንጽፍም ልብ የምንለው ነገር አለ። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በቻናሉ ውስጥ «የፀጉር ቅባት» ተብሎ የተጻፈውን «የጸጉር ቅባት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ያጣችሁትን ዕቃ በሌላው ፊደል ደግማችሁ ፈልጉ፤ ሻጮችም ሁለቱንም አጻጻፍ አስገቡ።

አማርኛ ለሁሉም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አለመሆኑንም አንርሳ። ከላስታ በስተሰሜን በዋግ ኽምራ ኽምጣኛ የሚናገሩ ወገኖቻችን አሉ፤ ማስታወቂያውን የሚያነቡት በሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ተናጋሪዎችም እንዲሁ። በእንግሊዝኛ ቃል የተሞላ አማርኛ ለእነርሱ ሁለት ጊዜ ይከብዳቸዋል። «ፍሪ ዴሊቨሪ» ከማለት «የማድረሻ አንጠይቅም» ማለት ለሁሉም ይገባል።

6. ሰዓት፣ ቀንና መጠን

ሻጩ «ነገ በ3 ሰዓት ይደርሳል» ሲል በእኛ አቆጣጠር ረፋድ ነው። ውጭ አገር ሆና ለቤተሰቧ የምታዝዘው እኅት ግን ከሰዓት በኋላ ብላ ልትረዳው ትችላለች። በታሸገ ምግብና በመድኃኒት ላይ ያለው የማብቂያ ቀን የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተነበበ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ገና ሰባት ዓመት ያህል የቀረው ይመስላል። ስለዚህ «ጠዋት በ3 ሰዓት»፣ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ መጨመር ትንሽ ቃል ቢሆንም ብዙ ያድናል።

መጠንም እንዲሁ ነው። በገጠር ገበያ እህል በቁናና በጣሳ ሲሰፈር ገዢው ሰፈራውን በዓይኑ ያየዋል፤ ጫፉ ላይ «ጨምርበት» ይላል። በፎቶግራፍ ላይ ግን አንድ ማሰሮ ማር ኪሎው አይታይም። «አንድ ባልዲ»፣ «ትልቁ ጀሪካን» የሚሉት ቃላት ልክ የላቸውም። በኪሎ ወይም በሊትር ይጻፍ።

7. «እናደርሳለን» ወይስ «ይደርሳል»?

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ የሰዋስው ነገር አለ። በአማርኛ ግሥ ውስጥ አድራጊው አብሮ ይኖራል። «እልካለሁ» ያለ ሰው ራሱን አስሯል። «ይላካል» ሲል ግን ማን እንደሚልከው አልተናገረም።

አሁን የሻጮችን ጽሑፍ ከክፍያ በፊትና በኋላ አስተያዩት። ከክፍያ በፊት፦ «እኛ እናደርሳለን»፣ «እንለውጣለን»፣ «ካልወደዱት እንመልሳለን»። ከክፍያ በኋላ፦ «ዕቃው ዘግይቷል»፣ «ኔትወርክ አስቸግሯል»፣ «ሹፌሩ ስልኩን ዘግቷል»፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። «እኛ» ጠፍቷል፤ አድራጊዎቹ አሁን ዕቃው፣ ኔትወርኩና ሹፌሩ ናቸው። ችግሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ መንገድ ይዘጋል፣ መስመር ይቋረጣል። ታማኙ ሻጭ የሚታወቀው በዚያን ጊዜም «እኔ» ማለቱን ባለመተዉ ነው፦ «ሹፌሩን አላገኘሁትም፤ እስከ ሐሙስ ካልደረሰ ገንዘብዎን እኔ እመልሳለሁ።»

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይመለሳል» ተብሎ ከተጻፈ «ማን ይመልሳል? በስንት ቀን?» በሉ። መልሱ በ«እኔ» ወይም በ«እኛ» ካልመጣ ቆም ብላችሁ አስቡ።

8. «የተወደዳችሁ ቅዱሳን፣ ዕቃ አለኝ»

በመጨረሻ የራሳችንን ቤት እንይ። ለጸሎትና ለመዝሙር ልምምድ የተከፈቱ የቴሌግራም ቡድኖች አሉን። በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ «የተወደዳችሁ ቅዱሳን፣ ጸጋ ይብዛላችሁ» ተብሎ ተጀምሮ ወደ ጫማና ወደ ዘይት ሽያጭ የሚያልፍ መልእክት ማየት የተለመደ ሆኗል። ከወንድም መግዛት መልካም ነው፤ ሥራ ለሌለው ወጣት ከዚህ የተሻለ እርዳታ የለም። ነገር ግን «ወንድም» የሚለው ቃል በመካከላችን የተሰጠው ለሽያጭ አይደለም። በዚያ ሰላምታ የተሸጠ ዕቃ ሲበላሽ የሚጎዳው የአንድ ሰው ኪስ ብቻ ሳይሆን ቃሉ ራሱ ነው፤ በሚቀጥለው እሑድ «ወንድሜ» ስንባባል አንዳችን ሌላውን በጥርጣሬ እናያለን።

ሌላም ጉዳት አለ። ከማያውቀው ሻጭ ሲገዛ ደረሰኝ የሚጠይቅ ሰው ከ«ቅዱሳን» ሲገዛ መጠየቅ ያፍራል። ዕቃው ቢበላሽም «ወንድም ነው» ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ቡድን የሚሸጥ ሰው ከሌላው ይልቅ ግልጽ ቢሆን ይገባዋል፦ ዋጋውን በአደባባይ ይጻፍ፣ ጉድለቱን ሳይጠየቅ ይናገር፣ የመመለሻውን ሁኔታ ያስቀምጥ። ከተቻለም ለገበያው የተለየ ቡድን ይከፈት፤ ሰላምታውም ለሰላምታ ይቅር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሀ. ዋጋውን፣ የዕቃውን ሁኔታና የመድረሻውን ቀን በጽሑፍ ጠይቁ። በስልክ ተነጋግራችሁ ከሆነም «እንደተነጋገርነው» ብላችሁ ጽፋችሁ ላኩ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳይነፈግ ደንግጓል። ስለዚህ መልእክቱን አታጥፉ፤ የከፈላችሁበትን ማረጋገጫም ያዙ።

ለ. የባዕድ ቃሉን በጥሬ አማርኛ መልሳችሁ ጠይቁ፦ አዲስ ነው? ያገለገለ? የታደሰ? አስመስሎ የተሠራ?

ሐ. በተቻለ መጠን ዕቃውን አይታችሁ ክፈሉ። ሩቅ ከሆነ በዚያ ከተማ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ አይቶ ይቀበልላችሁ። የሰው ዓይን የሠራውን ሥራ ቃል ሙሉ በሙሉ አይተካውም።

መ. ማንበብ ለሚከብዳቸው ወላጆችና ሽማግሌዎች ማስታወቂያውን አንብቡላቸው፤ ትርጉሙንም ንገሯቸው። ለእነርሱ የተላከ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕጣ ወጣልዎት» የሚል መልእክት ሲመጣም እንዲያማክሯችሁ አስለምዷቸው።

ሠ. ከተታለላችሁ አትሸሽጉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸምን ማታለል በወንጀል ያስቀጣል። ለፖሊስ ማመልከት ቢያንስ ቀጣዩን ሰው ያስጠነቅቃል።

ሻጭ ለሆናችሁ ደግሞ ምክሩ አጭር ነው። ፊት ለፊት ቆማችሁ የማትሉትን በስልክ አትጻፉ። የላስታ ገበሬ በቅዳሜ ገበያ ማሩን ሲያስቀምስ ስለ ማሩ ብዙ አይናገርም፤ ማሩ ይናገርለታል። እናንተ ማስቀመስ ስለማትችሉ ቃላችሁ የማሩን ያህል ንጹሕ ሊሆን ይገባዋል።